ደረጃው ይነሣ

የዕድር ጡሩንባ ሌሊት ሲነፋ ሰፈሩ ሁሉ ይነቃል። ለቅሶ ያልደረሰ፣ ከቀብር የቀረ፣ ድንኳን ሲተከል ያልታየ አባል ይቀጣል፤ ሐሜቱ ደግሞ ከቅጣቱ ይብሳል። በዚያው ሰፈር መስማት የተሳነው አባል አለ እንበል። መዋጮውን በየወሩ ሳያጓድል ይከፍላል፤ ወንበር በመሸከም የሚቀድመው የለም። ጡሩንባው ግን አይሰማውም። አንድ ሌሊት ተነፋ፣ ሳይሰማ አደረ፣ ከቀብር ቀረ፣ ተቀጣ። ጥፋቱ የማን ነው? የጆሮው ወይስ የጡሩንባው?

ሐኪም ቢጠየቅ ስለ ጆሮው ይናገራል። ሙያው ነውና አይፈረድበትም፤ የሚናገረውም እውነት ነው። ነርቩ ተጎድቷል፣ መድኃኒት አይገኝለትም ይላል፤ ነገሩ በዚያ ይዘጋል። ሌላም መልስ አለ፦ ሰውየው የቀረው ዕድሩ አባላቱን በድምፅ ብቻ ስለሚጠራ ነው። ይህን መልስ የተቀበለ ሰው ሥራ አለበት። ጡሩንባ ነፊው በዚያ በር ሲያልፍ ጎራ ብሎ በመስኮቱ ባትሪ ቢያበራ፣ ወይም ጸሐፊው በስልክ አንዲት መስመር ቢልክ፣ ሰውየው ምናልባት ከሁላችንም ቀድሞ ይደርሳል። ጆሮው እንደ ድሮው ነው። የተለወጠው የእኛ አጠራር ነው።

የመጀመሪያው አመለካከት የሕክምና አተያይ ይባላል። አካል ጉዳተኝነትን በሰውየው ገላ ውስጥ ያለ ሕመም አድርጎ ያየዋል፤ መፍትሔውንም ከሐኪም፣ ከመድኃኒትና ከቀዶ ጥገና ይጠብቃል። ሁለተኛው ማኅበራዊ አተያይ ነው። ጉዳት መኖሩን አይክድም፤ ሰውየውን ከኑሮ ያስወጣው ግን ደረጃው፣ ጠባቡ በር፣ በድምፅ ብቻ የሚተላለፈው ጥሪ፣ በጽሑፍ ብቻ የሚሰጠው ፈተና፣ ከዚህም ሁሉ በላይ የሰው አስተሳሰብ ነው ይላል። ይህን ጥሪ ለመጻፍ ያስደፈረኝ ሁለተኛው ነው። ሕዝብ ተሰብስቦ፣ እጅ አውጥቶ፣ ድምፅ ሰጥቶ የተጎዳ ኅብለ ሰረሰር ማዳን አይችልም። ደረጃ ማፍረስ ግን ይችላል። ቃለ ጉባኤ ጽፎ፣ ገንዘብ አዋጥቶ፣ ግንበኛ ጠርቶ በአንድ ቅዳሜ ይጨርሰዋል።

ነገሩ ከባሕር ማዶ የመጣ ፈሊጥ የሚመስለው ካለ ወደ ቅኔ ቤት ልመልሰው። በዋሸራም ሆነ በጎንጂ ትምህርቱ የቃል ትምህርት ነው። ተማሪው ከየኔታ አፍ ይቀበላል፤ ብቻውን ተቀምጦ ያውጠነጥናል፤ የቆጠረውን ቅኔ በቃሉ አቅርቦ ይታረማል። በዚህ ሥርዓት ዓይነ ስውር ደቀ መዝሙር ከባልንጀሮቹ የሚያንስበት ምክንያት አልነበረም። ዓይነ ስውር መምህርም ብርቅ አልነበረም፤ ዓይናማው ተማሪ ስንቁን ቋጥሮ፣ ወንዝ ተሻግሮ ከእግራቸው ሥር ይቀመጥ ነበር። ለተማሪዎቻቸው የኔታ ናቸው፤ በቃ።

ኋላ ዘመናዊ ትምህርት መጣ። ጥቁር ሰሌዳ፣ ጠመኔ፣ የታተመ መጽሐፍ፣ በወረቀት የሚሰጥ ፈተና። ቅኔ ቤት ቢገባ ኖሮ ለመምህርነት የሚበቃው ልጅ፣ በከተማው ትምህርት ቤት በር ላይ «መማር አይችልም» ተባለ። ዓይኑ አልባሰበትም። ትምህርቱ ከጆሮ ወደ ዓይን ሲዛወር ለእርሱ መሸጋገሪያ የሠራለት ስላልነበረ ነው። የአማርኛ ብሬይል ሲዘጋጅ፣ እንደ ሰበታው መርሐ ዕውራን ያሉ ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ፣ ያው ልጅ ተመልሶ መማር «ቻለ»፤ ጠበቃ ሆነ፣ መምህር ሆነ፣ ጋዜጠኛ ሆነ። ከዓይኑ ላይ የተጨመረ ነገር የለም። ችሎታውን የነጠቀውም የመለሰለትም የሰው እጅ ነው።

መስማት የተሳናቸው ወገኖቻችንስ? ፊደላችንን በእጃቸው እንዴት እንደሚያነቡት ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? የእጁ ቅርጽ ተነባቢውን ይናገራል፤ እንቅስቃሴው ደግሞ ከግእዝ እስከ ሳብዕ ያለውን ይለያል። ሀ ሁ ሂ ብሎ በእጁ የሚቆጥር ሕፃን ያየ ሰው፣ ይህን ልጅ «ቋንቋ የሌለው» ለማለት አፉ አይታዘዝለትም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምልክት ቋንቋን በዲግሪ ደረጃ ያስተምራል። ስንት ክሊኒክ፣ ስንት ፍርድ ቤት፣ ስንት ፖሊስ ጣቢያ አስተርጓሚ አለው ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። መስማት የተሳናት ልጅ ሐኪም ፊት ቀርባ ሕመሟን መናገር ቢያቅታት፣ ካርዷ ላይ የሚጻፈው የእርሷ አለመስማት ነው፤ የክሊኒኩ አስተርጓሚ ማጣት የትም አይጻፍም።

ቅኔ ቤቱን ሳወድስ ያለፈውን ሁሉ እያመሰገንሁ አይደለም። የኔታን የሚያከብረው ያው አገር ሌላውን ልጅ በጓዳ ደብቋል። «የእናቱ ኃጢአት ነው፣ የአባቱ እርግማን ነው» ተብሎ እንግዳ ሲመጣ መጋረጃ የሚሳብበት ልጅ ዛሬም አለ። ለዚያች እናት ሐኪሙ «ፖሊዮ ነው፣ ቫይረስ ያመጣው ነው፣ አንቺ ያጠፋሽው ነገር የለም» ሲላት ከትከሻዋ ላይ ሸክም ይወርዳል። ክትባቱን አልንቅም፤ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ዓይኑን ለሚፍቀው የትራኮማ ሕመምተኛ የሚደረገውን ቀዶ ጥገና አልንቅም። ሕክምና ከእርግማን ያወጣን ባለውለታ ነው። ክርክሬ ሐኪሙ የክሊኒኩን በር ዘግቶ ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ ስለሚቀረው ነገር ነው።

ምን ይቀራል? የሥጋ ደዌን ነገር ተመልከቱ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 በጥምር መድኃኒቶች የሚሰጠውን ሕክምና ካጸደቀ ወዲህ በሽታው ይድናል፤ መድኃኒቱም በነፃ ይታደላል። አዲስ አበባ ላይ አለርት ሆስፒታል በዚህ ሥራ ለአፍሪካ ሁሉ የሥልጠና ማዕከል ነበር። ሐኪሙ ታማሚውን «ድነሃል፣ አገርህ ግባ» ብሎ አሰናበተው እንበል። አገሩ ግን አላስገባውም። ወንድሙ ማዕዱን ለየበት፤ ጎረቤት ከገበያው ዕቃ አልገዛ አለው። ብዙዎች ተመልሰው ከሆስፒታሉ አጥር ሥር፣ በዘነበወርቅ አካባቢ ሰፍረው፣ ልጅ ወልደው እዚያው ቀሩ። ልጆቻቸውም ሕመሙ ሳይነካቸው ስሙን ወረሱ። ባክቴሪያው ከሞተ በኋላ በሕይወት የኖረው የእኛ ፍርሃት ነው። ለእርሱ የሚሆን ኪኒን የትኛውም ፋርማሲ የለም።

ይህን ማኅበራዊ አተያይ አንጥረው ያወጡትና የትግል መሣሪያ ያደረጉት ራሳቸው አካል ጉዳተኞች ናቸው። እንግሊዝ አገር፣ ሃምሻየር ውስጥ፣ ሌ ኮርት የሚባል የቸሸር የአካል ጉዳተኞች መኖሪያ ነበር፤ የመናገሻውን ቸሸር የሚያውቅ አንባቢ ስሙን ይለየዋል። ፖል ሃንት ጡንቻን በሚያደክም ሕመም ምክንያት ለዓመታት የኖረው እዚያ ነው። ነዋሪዎቹ ሰዓታቸውንና ውሏቸውን ራሳቸው እንዲወስኑ ከአስተዳደሩ ጋር ይታገሉ ነበር። ሃንት እ.ኤ.አ. በመስከረም 1972 ለጋርዲያን ጋዜጣ አንድ አጭር ደብዳቤ ላከ፤ በየተቋሙ የተዘጋብን ሰዎች እንደራጅ የሚል። ከዚያች ደብዳቤ ማኅበር ተወለደ፤ ማኅበሩም እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጣው የመርሕ ሰነድ የሰውነት ጉዳትንና ኅብረተሰብ በጉዳቱ ላይ የሚጭነውን ክልከላ ለይቶ አስቀመጠ። ማይክ ኦሊቨር የተባለው ምሁር፣ ራሱም የዊልቸር ተጠቃሚ፣ እ.ኤ.አ. በ1983 አመለካከቱን ዛሬ በሚታወቅበት ስሙ ጻፈው።

ከመሥራቾቹ መካከል ከሁሉ የሚገርመኝ ደቡብ አፍሪካዊው ቪክ ፊንከልስቲን ነው። በዊልቸር የሚሄድ ሰው ሆኖ አፓርታይድን በመታገሉ ታሰረ፤ ሲፈታም «እዚህ አትግባ፣ እዚያ አትድረስ» የሚል የእግድ ትእዛዝ ተሰጠው። ትእዛዙን ሲያጤነው ከተከለከላቸው ቦታዎች ብዙዎቹ ቀድሞውኑም በደረጃቸው የተነሣ የማይገባባቸው ሆነው አገኛቸው። ጨቋኙ መንግሥት ለጊዜው ያገደውን፣ ሕንፃ ሠሪው ዕድሜ ልክ አግዶት ኖሯል።

በዚያው ዘመን፣ በዚያው በእንግሊዝ አገር፣ የእኛም ሰው ነበር። የሮምና የቶኪዮ ባለድል ሻምበል አበበ ቢቂላ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግሮቹ ከከዱት በኋላ ወደ ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ተወሰደ። ሐኪሞቹ እግሩን ሊመልሱለት አልቻሉም። ነገር ግን በዚያ ሆስፒታል ሉድቪግ ጉትማን የተባለው ሐኪም ለዊልቸር ተጠቃሚዎች የስፖርት ውድድር ከጀመረ ሃያ ዓመት አልፎት ነበር። አበበም እ.ኤ.አ. በ1970 በዚያ ሜዳ ቀስት ወረወረ፤ በሚቀጥለው ዓመት ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ላይ በተንሸራታች ተወዳድሮ አሸነፈ። ሕክምናው ባበቃበት ቦታ ሜዳው ተለውጦ ጠበቀው። ሁለቱ አመለካከቶች መጣላት የለባቸውም የምለው ለዚህ ነው፤ አንዱ ብቻውን ሲቀር ግን ሰው ከሆስፒታል ወጥቶ በቤቱ ይታሰራል።

(እግረ መንገዴን፦ አካል ጉዳተኛ ባየን ቁጥር «ጀግና ነህ» ማለትን እናብዛ ማለቴ አይደለም። አበበ ጀግና ነው፣ ከአደጋው በፊትም በኋላም። ባንክ ገንዘብ ሊያወጣ የሄደ ሰው ግን ጀግና መሆን የለበትም። አምስት ደረጃ በእጁ እየተጎተተ ከወጣ በኋላ ከምናጨበጭብለት፣ ደረጃውን አንሥተንለት ባናጨበጭብ ይመርጣል።)

አሁን ወደ አሜሪካ ልውሰዳችሁ፤ ጥሪ ማለት ምን እንደሆነ የሚታየው እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣ ሕግ፣ አንቀጽ 504፣ የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኝ ተቋም ሁሉ አካል ጉዳተኛን እንዳያገል ይከለክላል። የማስፈጸሚያ ደንቡ ግን ፊርማ አጥቶ አራት ዓመት ጠረጴዛ ላይ ተኛ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1977 ከመቶ በላይ አካል ጉዳተኞችና ደጋፊዎቻቸው ሳን ፍራንሲስኮ የሚገኘውን የፌዴራል መሥሪያ ቤት ገብተው «ሳይፈረም አንወጣም» አሉ። ከመሪዎቹ አንዷ ጁዲ ሂውማን ናት፤ በሕፃንነቷ ፖሊዮ ይዟት፣ ትምህርት ቤት «ዊልቸሯ ለእሳት አደጋ ያሰጋል» ብሎ በሩን የዘጋባት ሴት። የስልክ መስመሩ ሲቆረጥባቸው መስማት የተሳናቸው ታጋዮች በመስኮት በምልክት ቋንቋ ከውጭ ካሉት ጋር መልእክት ተለዋወጡ። በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ የዋለው እነርሱ የሚያውቁት ቋንቋ ነበር። የጥቁር ፓንተር ፓርቲ አባላት ትኩስ ምግብ እየጫኑ በየቀኑ ያመጡላቸው ነበር። ከሦስት ሳምንት በላይ ቆዩ። ደንቡ ሚያዝያ 28 ተፈረመ። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው ትልቁ የአካል ጉዳተኞች ሕግ የቆመው በዚህ መሠረት ላይ ነው።

ልብ በሉ፤ ሕጉ ነበር። የጎደለው ሄዶ የሚቀመጥ ሰው ነበር። የእኛም ነገር እዚህ ላይ ነው ያለው።

ሕግ አጥተን አናውቅም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 568 አሠሪው በአካል ጉዳት ምክንያት እንዳያገል ከልክሎ፣ የሥራ ቦታውን እንዲያመቻች ያስገድዳል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36 ማንኛውም ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ በዊልቸር ለሚሄድና ደረጃ መውጣት ለማይችል ሰው መግቢያ እንዲኖረው፣ መጸዳጃ ቤቱም እንዲመች አዘዘ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676 አጸደቀች። የ2001ዱ አዋጅ ከወጣ በኋላ የተገነቡትን ሕንፃዎች ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። መስታወታቸው ያበራል፤ ስማቸው በትልቁ ተጽፏል፤ በራቸው ላይ ግን ሰባት ደረጃ አለ። አንዳንዱ ራምፕ አለው፤ ራምፑ ላይ ሞተር ሳይክል ቆሟል። ሌላው ለፍተሻ ቀን ብቻ የተሠራ ዳገት ነው፤ ጎረምሳ እንኳ ባዶ ዊልቸር ገፍቶ አይወጣበትም።

ለምን ዝም ተባለ? አንዱ ምክንያት ቁጥር ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተመዘገቡት አካል ጉዳተኞች ከ805 ሺህ ብዙም የማይበልጡ ነበሩ፤ ከመቶ 1.09። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ሪፖርት ላይ ለኢትዮጵያ የተቀመጠው ግምት ደግሞ ከመቶ 17.6 ነው። እንዲህ ያለ ልዩነት ከየት ይመጣል? ከአጠያየቅ። ቆጣሪ በር ላይ ቆሞ «እዚህ ቤት የአካል ጉዳት ያለበት ሰው አለ?» ሲል፣ አባት በልቡ የመጋረጃውን ጓዳ እያሰበ «የለም» ይላል። አያቱም ዓይናቸው ከደከመ ቢቆይም «እርጅና ነው» ብለው ያልፉታል። ይህ ሰው ላይ ጉድለት የሚፈልግ ጥያቄ ነው። በስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ዘንድ የዋሽንግተን ቡድን በመባል የሚታወቀው ስብስብ ያዘጋጃቸው ስድስት ጥያቄዎች ሌላ መንገድ ይሄዳሉ፦ ለማየት ይቸገራሉ? ለመስማት? ለመራመድ ወይም ደረጃ ለመውጣት? ለማስታወስ? ራስዎን ለመንከባከብ? ከሰው ጋር ለመግባባት? መልሱም «ምንም»፣ «ትንሽ»፣ «ብዙ»፣ «ጨርሶ አልችልም» እየተባለ ይመዘናል። አያት እዚህ ላይ ይናገራሉ።

ከመቶ አንድ የሆነ ሕዝብ በምጽዋት ይታለፋል። ከአምስትና ከስድስት ሰው አንዱ ከሆነ ግን የእያንዳንዳችን ቤት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥሪ ይኸውና፦ ቀጣዩ ቆጠራ መቼም ይሁን፣ ስድስቱ ጥያቄዎች እንዲገቡ ዛሬውኑ እንጠይቅ። ቆጣሪው በር ሲያንኳኳም መጋረጃውን እንክፈት።

የዕድር ዳኞችና ጸሐፊዎች፣ ሁለተኛው ጥሪ ለእናንተ ነው። ዕድር ከመቅበርም አልፎ መንገድ ያሠራ፣ ቦይ ያስቆፈረ ተቋም ነው፤ በዚህች አገር ሰውን ያለ ቢሮክራሲ አሰባስቦ የሚያሠራ ከእርሱ የተሻለ የለም። በሚቀጥለው ወርሃዊ ስብሰባ በአጀንዳ ያዙት፦ የማይሰማው አባል እንዴት ይጠራል? ድንኳኑ ሲተከል ገመዱና ካስማው በዊልቸር ለሚመጣው ጎረቤት መንገድ ይተዋል? ለቅሶ ቤቱ ሦስት ቀን ሲቆይ መጸዳጃው ለማን ይሆናል? መልሱን ከራሳችሁ አታውጡ። ጉዳዩ የሚመለከታቸውን አባላት ጠይቁ፤ የተሻለው ደግሞ ኮሚቴ ውስጥ አስመርጧቸው። የአካል ጉዳተኞች ንቅናቄ በዓለም ዙሪያ «ያለ እኛ፣ ስለ እኛ ምንም» የሚለው ለዚህ ነው።

ኮንዶሚኒየም ላይ ያላችሁ ኮሚቴዎችም እንዲሁ። ብሎኮቻችን አብዛኞቹ ባለ አራት ፎቅ ናቸው፤ አሳንሰር የላቸውም። አራተኛ ፎቅ ላይ ያሉ እናት ጉልበታቸው ከያዛቸው ወዲህ ፀሐይ የሚሞቁት ዘመድ ሲያወርዳቸው ነው። ሕንፃውን መልሶ መገንባት አይቻል ይሆናል፤ በምድር ቤት ካለ ነዋሪ ጋር በኪራይ እንዲቀያየሩ ማስማማት ግን ይቻላል። የብሎኩን መግቢያና የኮሙናሉን በር ማስተካከል ይቻላል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ለአንድ ሜትር ከፍታ አሥራ ሁለት ሜትር ርዝመት። ደረጃው 15 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ራምፑ 1 ሜትር ከ80 ይረዝማል፤ ሦስት ደረጃ ከሆነ 5 ሜትር ከ40። ጎኑ መያዣ ይኑረው፤ ላዩ አያንሸራት፤ መጨረሻው ላይ ሌላ ደረጃ እንዳይጠብቅ። ከዚህ አሳጥሮ የሠራላችሁን ግንበኛ ራሱን ዊልቸር ላይ አስቀምጣችሁ አስሞክሩት።

አባቶች ካህናት፣ የመስጊድ ኢማሞች፣ በእናንተ እጅ ከሲሚንቶ የሚጠነክር ነገር አለ። በዮሐንስ ወንጌል ደቀ መዛሙርቱ ስለ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው «ኃጢአቱ የማን ነው» ብለው ሲጠይቁ ጌታ የእርሱም የወላጆቹም ኃጢአት አይደለም ብሏል። በእስልምና ታሪክም ዓይነ ስውሩ ዐብደላህ ኢብን ኡሙ መክቱም አዛን ያደርጉ የነበሩ፣ መዲናንም በአደራ ተቀብለው የጠበቁ ሶሐባ ናቸው፤ ስለ እርሳቸውም በቁርኣን ምዕራፍ ወርዷል። ይህን ምእመኑ ከእናንተ አንደበት ይስማ። ጠበል መሄድ የሚሻ ይሂድ፤ ሳይድን የተመለሰው ግን «እምነቱ ጎደለ» ተብሎ ሁለተኛ አይቀጣ።

የታክሲ ረዳቶች፦ ዊልቸሩን አጣጥፋችሁ ስትጭኑ የሰው ሂሳብ አትጨምሩበት። መምህራን፦ ልጁን ወደ ፊት ማስቀመጥ፣ የሰሌዳውን ጽሑፍ ጮክ ብሎ ማንበብ በጀት አይጠይቅም። አሠሪዎች፦ «ጤናማና የተሟላ አቋም ያለው» የሚለውን መስመር ከማስታወቂያችሁ ሰርዙ፤ ሒሳብ ሠራተኛ በእግሩ አይደምርም።

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ፣ በየአሜሪካው ከተማ ያላችሁ ወገኖች፣ የአንቀጽ 504ቱ ታጋዮች ያስገነቡትን ደረጃ አልባ መንገድ በየቀኑ ትሄዱበታላችሁ። የሕፃን ጋሪ ስትገፉበት፣ ከአየር ማረፊያ ሻንጣ ስትጎትቱበት፣ እናታችሁን ለጉብኝት አምጥታችሁ ስታንሸራሽሩበት ማን እንዳሠራው ላታስቡ ትችላላችሁ። አገር ቤት ፎቅ ስታሠሩ ግን ፕላኑን የምታጸድቁት እናንተ ናችሁ። የባንክ ቅርንጫፍ ይከራየዋል ብላችሁ የምትገነቡት ሕንፃ መግቢያው እንዴት ነው? አርክቴክቱን በስልክ ጠይቁት፤ መሠረቱ ሳይፈስ።

አዲስ አበባ በኮሪደር ልማት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች እየሠራች ነው። መንገዱ ሰፍቶ ከመንገዱ ወደ ሕንፃው የሚያስገቡት ሦስት ደረጃዎች እንዳሉ ከቀሩ፣ ዊልቸር ተጠቃሚው ያተረፈው በር በር እያየ ማለፍን ነው። ኅዳር 24 በየዓመቱ የአካል ጉዳተኞች ቀን ሲከበር ንግግር ይደረጋል፣ ቲሸርት ይታደላል፣ ጥቂት ዊልቸር በካሜራ ፊት ይሰጣል። ስጦታውን አልነቅፍም። ነገር ግን ዊልቸር ሰጥቶ ደረጃውን መተው እንጀራ ዘርግቶ ወጥ መከልከል ነው። የዘንድሮው ኅዳር 24 በአዳራሽ አይዋል፤ በየሰፈራችን ሜትር ይዘን እንውጣ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አምስት ስድስት ሆናችሁ ውጡ፤ ከመካከላችሁ ቢያንስ ሁለቱ አካል ጉዳተኞች ይሁኑ፤ ሰብሳቢነቱንም ለእነርሱ ስጡ። የአካባቢውን ጤና ጣቢያ፣ ትምህርት ቤት፣ ባንክ፣ የወረዳ ጽሕፈት ቤት አዳርሱ። የደረጃውን ቁጥር፣ የበሩን ስፋት፣ የመጸዳጃውን ሁኔታ መዝግቡ፤ ፎቶ አንሡ። በር ከ80 ሴንቲ ሜትር ከጠበበ ዊልቸር ለማሳለፍ ያስቸግራል፤ ለብቻው አስምሩበት። ከዚያ በሥራ ላይ ያለውን የሕንፃ ሕግ ጠቅሳችሁ ለሕንፃ ሹሙ ደብዳቤ ጻፉ፤ በሁለት ቅጂ። አንዱን መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጉ፤ በሌላው ላይ ቁጥሩንና ማኅተሙን አስመትታችሁ ያዙ። ሠላሳ ቀን ጠብቁ። መልስ ካልመጣ ሁላችሁም ሂዱ፤ በዊልቸርም፣ በክራንችም፣ በነጭ በትርም፣ በእግርም፤ አስተርጓሚም ይዛችሁ። ቢሮው ፎቅ ላይ ከሆነም ለመውጣት አትታገሉ፤ ሹሙ ወርደው ያነጋግሯችሁ።